ለልክ የቆመው

በሃምሳ አራት ግንቦት፣ ሂርማታ በረንዳ፣
ከእርሻው ትምህርት ቤት መጣ አንድ እንግዳ፤
ጃንጥላው ተገልብጦ፣ ጭቃው እስከ ባቱ፣
የታጠፈ ሥዕል አወጣ ከብብቱ።
«ይቺን ትሰፋለህ?» አለው ለነዚፍ፤
ነዚፍ አባ ራያ፣ እግሩን ከመርገጫው
ሳያነሳ፣ ሳይጣደፍ፣
አየው።

ብር የመሰለ ልብስ፣ ሰው የገባበት፤
ሰውየው በገንዳ ውኃ ተነክሮበት፤
ሁለት ዋናተኞች ክንድና ክንድ ይዘው፣
ይክተቱት ያውጡት አይታወቅም ነገረ ሥራው።

«ሰማይ ሊወጡ ነው» አለ መምህር ሣህሉ፤
«አሁን ግን ልምምድ ነው፤ መውደቅ ይማራሉ።
ሲመለሱ ባሕር ላይ ነው፣ አፈር ላይ አይደለም፤
ልብሱ ውኃ ካስገባ ሰውየው አይተርፍም።»

ስለ ሰማይ ነዚፍ ምንም አልጠየቀ።
ጣቱን በስፌቱ መስመር እየሰደደ፣
ከትከሻ ጀምሮ ቁርጭምጭሚት ወረደ።
«ዋላሂ፣ ይሄ ብብት ልኩን ስቷል» አለ፤
«ክንዱን ቢያነሳ አንገቱ ታነቀ ማለት አይደለ?
ሰፊው ቆሞ ነው የለካው፤
ሰው ግን ሥራ ላይ ይቀመጣል።»

ነገሩ ለሰልፍ ነው፣ ለትምህርት መዝጊያ፤
ለባሹም ሌላ ነው፣ የገዥው ጸሐፊ ልጅ፣
አዳሪ ተማሪ፣ ሰኔ የሚመጣ፤
በደብዳቤ የላከው ቁመት
ከኔው ጋር ሆነ እኩያ።
እኔ ክር አቀባይ፣ ቁልፍ ለቃሚ ነበርኩ፤
በማላውቀው ልጅ ፈንታ በርጩማ ላይ ቆምኩ፤
በዚያ ባለ ሦስት እግር፣ በጂማ በርጩማ፣
ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ምስማር ባልሰማ።

አካሉ ከጣሊያን የተረፈ ድንኳን፤
ላዩ የሲጋራ ብር ወረቀት፣
ከአውቶቡስ ተራ የለቀምኩት፣
ሻይ ቤት ለሻይ ቤት የለመንኩት፤
ራሱ የማር ቅል፣ ፊቱ በመጋዝ የተከፈተ።
ማሩ ካለቀ ዓመት ቢያልፍም ሽታው አልወጣ፤
በቆምኩ ቁጥር አንዲት ንብ ትዞረኛለች፣
ቤቷን ጠይቃ የመጣች።
«አትነቃነቅ» ይላል ነዚፍ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ፤
አልነቃነቅም፣
ላቤ ከማጅራቴ እስከ ወገቤ ተጉዞ።

ልብሱ አለቀ ብዬ፣ ገና ሳይነጋ፣
«ኮቱ» አለኝ፤ ወረድን አዌቱ፣ ድልድዩ ጋ።
ማንም አላዘዘውም።
ስለ ውኃ ብሎ ማንም አልከፈለውም።
በብብቴ ይዞ እስከ አንገቴ ነከረኝ፤
በግራ በኩል አንዲት ቀዝቃዛ ጣት
ገብታ ነካችኝ።
ፈታው። ክሩን በንብ ሰም አሽቶ ሰፋው።
በማግስቱ ነከረኝ፤ ጣቷ ገባች፤ ደግሞ ፈታው።
አራት ንጋት ረጠብኩ።
በአምስተኛው ከአዌቱ ደረቅ ሆኜ ወጣሁ።
እሱ ግን ከነሱሪው እስከ ደረቱ ርሶ፣
«አሁን ልብስ ሆነ» አለ፣
ብርዱን በጥርሱ ነክሶ።

የሰልፉ ቀን ዝናቡ በባልዲ ወረደ፤
ሙዚቀኛው ሸሸ፣ ዳሱ ተናደ፤
ብር ወረቀቱ እየተላጠ በጎርፍ ተወሰደ።
ያ ልጅ ግን በድንኳን ቆዳው፣ ከማር ቅሉ ሥር፣
ከጂማ ሰው ሁሉ ያልረጠበ እሱ ብቻ ነበር።
ስሜን አያውቅም።
እኔም የማየው እሱን አልነበረም፤
ያቺን ብብት ነበር፣
ለሰላምታ ክንዱን ባነሳ ቁጥር
ትንፋሼን ይዤ።

ከርሞ መምህር ሣህሉ ተመልሶ መጣ፤
ሬዲዮ ያወራውን ከበረንዳው ሳይደርስ ከአፉ አወጣ፦
«ወጡ! ዞሩ! ባሕር ላይ ወረዱ! በሕይወት አሉ!»
ነዚፍ፣ ባየሁት ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ፣
እግሩን ከመርገጫው አነሳ።
«ብብቱንስ?» አለ። «ብብቱን አስተካከሉ?»